አሸዋው ሳያልቅ

ሰው ሲጠይቀኝ እናደዳለሁ። ሊዝቦን ወደቡ አጠገብ ካለው መጠጥ ቤት በተቀመጥኩ ቁጥር አንድ ባሕር ረግጦ የማያውቅ ሰውዬ ኩባያውን ይዞ ይመጣና «አለቃ ባስቲያኦ፣ ያቺ ደሴት እንዴት ጠፋችብህ?» ይለኛል። አልጠፋችብኝም! ደሴት ተነስታ አትሄድም፤ ከተቀመጠችበት ናት። የጠፋነው እኛ ነን። የጠፋነው ደግሞ በማዕበልም በነፋስም አይደለም። እስቲ አንዴ ልናገረውና ይውጣልኝ፤ ከዚህ በኋላ የሚጠይቀኝን ሰው የወይን ጠጁን አናቱ ላይ ነው የማፈስበት።

«ሳንታ ኢሪያ» በምትባል መርከብ ወደ ህንድ እየሄድን ነበር። ካፒቴኑ ያዛል፣ መርከበኞቹ ሸራ ይስባሉ፣ እኔ ደግሞ የት እንዳለንና ወዴት እንደምንሄድ እናገራለሁ። ሥራዬ ይኸው ነው። ሰው ቀላል ይመስለዋል። ዞር ብለህ ብታይ ውኃ፣ ፊት ለፊትህ ውኃ፣ ግራና ቀኝህ ውኃ፤ እዚያ መሀል ቆመህ «እዚህ ጋ ነን» በል እስቲ።

ታናሽ ወንድሜ ዢል አብሮኝ ነበር። እኔ ነኝ ያስቀጠርኩት። አቬይሮ፣ ጨው ከሚመረትበት ኩሬ አጠገብ ካለው ቤታችን ስንወጣ እናታችን የሱን እጅ ይዛ እጄ ላይ አስቀመጠችና «አደራ ባስቲያኦ፣ አደራህን» አለችኝ። ዢል ሳቀባት። «እማዬ፣ ጋሼ እኮ ህንድን የሚያህል አገር ፈልጎ የሚያገኝ ሰው ነው። እኔን የት ይጥለኛል ብለሽ ነው?» አላት። እሱ ሁልጊዜ እንዲህ ነው። ቀልድ አያልቅበትም።

ከምድር ወገብ በታች ከወረድን በኋላ ድዱ አበጠ። መርከብ ላይ የኖረ ሰው ይህን በሽታ ያውቀዋል። ድድ ያብጣል፣ ይደማል፤ እግር ይጠቁራል፤ የዳነ ቁስል እንደገና ይከፈታል። ከዚያ አንድ ቀን ሰውየው ሊነሳ ሲል ይወድቅና በዚያው ይቀራል። መድኃኒቱን ሁላችንም እናውቀው ነበር፤ መሬት ነው። ንጹሕ ውኃ፣ ቅጠላ ቅጠል፣ ፍራፍሬ። ማወቁ ምን ያደርጋል! ብስኩታችን ትል አፍርቷል፣ በርሜል ውስጥ ያለው ውኃ ከመሽተቱ የተነሳ አፍንጫችንን ይዘን ነው የምንጠጣው።

መሬት ግን ነበር። ከዚያ በፊት በሌላ መርከብ ስመለስ ያረፍኩባት ትንሽ ደሴት አለች። ሰው አይኖርባትም። ቀድመው ያለፉ የኛ ሰዎች ፍየል ለቀውባት፣ ከምንጩ ዳር ሎሚ ተክለውባት ሄደዋል፤ እኔ ሳያት ሎሚዎቹ ከቁመቴ በልጠው ነበር። መርከበኞች «የሎሚዋ ደሴት» ይሏታል። ከመንገዳችን ብዙ አታስወጣም። ካፒቴኑን ለምኜ አስፈቀድኩና ወደ ዢል ሄድኩ።

«ተነስ አንተ ሰነፍ፣ ሎሚ ላበላህ ነው» አልኩት።

«ስኳር አለው?»

«ወግ አይቀርም! ጥርስህ ሊረግፍ ነው፣ ስኳር ያምርሃል።»

«ይርገፋ። ሎሚ በድድም ይመጠጣል፣ ጋሼ» አለና ሳቀ። አፉን በእጁ ሸፈነ፤ ጣቶቹ መሀል ደም አየሁ።

ደሴቲቱ ላይ በጊዜ ከደረስን ይድናል። ካልደረስን አይድንም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ህንድም፣ ቅመምም፣ ንጉሡም ከጭንቅላቴ ወጡ። እኔ የምፈልገው ያቺን ሎሚ ብቻ ሆነ።

አሁን ስለ ካፒቴኑ ልንገራችሁ። ዶም ዱዋርቴ ይባላል፤ የትልቅ ሰው ልጅ ነው፤ ባሕርን እስከዚያ ድረስ ያየው ከአባቱ ሰገነት ላይ ሆኖ ነበር። ክፉ ነው አልልም። ሕግ ወዳድ ነው። እኔ በበኩሌ ከክፉ ሰው ጋር ይሻለኛል፤ ክፉ ሰው ይደክመዋል፣ ሕግ ወዳድ ግን አይደክመውም። ግማሹ መርከበኛ ሲታመምበት ሁሉንም ሰብስቦ «መቆም የሚችል ሁሉ ተራውን ይቆማል። የማንም ዘመድ ቢሆን» አለ። «የማንም ዘመድ» ሲል ማንን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ ማሰብ አላስፈለገኝም።

ክፍሉ ገባሁ።

«ጌታዬ፣ ልጁ መሪ መያዝ አይችልም። እግሩ እስከ ጉልበቱ ጠቁሯል።»

«መቆም ይችላል?»

«ይቆማል፤ ግን እንዴት ብሎ...»

«ከቆመማ ተራውን ይቁም። ላንተ ወንድም ብዬ ያወጣሁትን ትእዛዝ ብሽር ነገ ለሌላው ምን ልመልስለት?»

«ለሌላውም ይሻሩለት!»

«ባስቲያኦ፣ ድምፅህን ቀነስ አድርግ።»

ድምፄን ዋጥኩት። እንደ ትኩስ ገንፎ ነው የወረደው። ወጥቼ ለዢል «አሞኛል በልና ውደቅላቸው፣ ምን ያመጣሉ» ብለው እሱ ደግሞ የባሰበት! «ጋሼ፣ አለቃ ወንድም ስላለኝ ተኛሁ እንዲሉኝ ነው? ተወኝ፣ እቆማለሁ» አለኝ። ግትር ነው። በእናታችን ነው የወጣው። የደረሰው ደግሞ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለው ተራ ሆነ፤ ብርዱ አጥንት የሚሰረስርበት።

እንግዲህ የነገሩ ሁሉ ሥር አሸዋው ነው፤ እሱን ሳላስረዳችሁ ብቀጥል ከንቱ ነው። የመሪው እንጨት አጠገብ የአሸዋ ሰዓት አለ። አሸዋው ከላይኛው ሆድ ወደ ታችኛው ፈስሶ ሲያልቅ ግማሽ ሰዓት ሄደ ማለት ነው። መሪ ከያዘው ሰው ጋር አብሮ የሚቆመው ተረኛ ገልብጦ ያዞረውና «ዞረ! ማርያም ትጠብቀን!» ብሎ ይጮሃል። ከፊት ያለው ጠባቂ «ትጠብቀን!» ብሎ ይመልሳል። ካልመለሰ ተኝቷል ማለት ነው፣ አንድ ባልዲ ውኃ ይደፋበታል። ስምንት ጊዜ ሲዞር ተራው ያልቅና የተኙት ተቀስቅሰው ይተካሉ።

እኔ መርከቧ በአንድ አሸዋ ምን ያህል እንደምትሄድ እገምታለሁ። ሸራዋን፣ ከጎኗ የሚያልፈውን አረፋ ዓይቼ ነው፤ ዕድሜዬን የፈጀሁበት ነገር ነው፣ ብዙ አልስትም። ከዚያ ስንት ጊዜ እንደዞረ እቆጥራለሁ። እኩለ ቀን ላይ ደግሞ በናስ መለኪያዬ የፀሐይን ከፍታ እለካና ግምቴን አርማለሁ። አሸዋና ፀሐይ፣ በቃ። ሌላ ምሥጢር የለኝም።

ፀሐይዋ ጠፋች። ደመናው ከባሕሩ ጋር ገጥሞ ሰማዩን ደፈነው። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሳምንት፤ ከዚያም ሌላ ሳምንት። ቀኑ ግራጫ ነው፣ ሌሊቱ ጥቁር ነው፤ ከዚህ ሌላ የማየው ነገር አልነበረኝም። መለኪያዬን አንግቼ እኩለ ቀን በመሰለኝ ሰዓት ሁሉ እየወጣሁ ሰማይ ሰማይ አያለሁ። መርከበኞቹ ሲያዩኝ «አለቃ፣ ዛሬስ ማርያም መጋረጃውን ትከፍትልህ ይሆን?» ይሉኛል። «አንተ ሸራህን ሳብ!» ብዬ እጮኻለሁ። ኮከብ የለ፣ ፀሐይ የለ፤ የቀረኝ አሸዋው ብቻ ነበር።

በነዚያ ሳምንታት ሌሊቱ እየረዘመ መጣ። ከምሽት እስከ ንጋት የሚዞረው አሸዋ ከቀድሞው በዛ። ካፒቴኑም ሰምቶ ጠየቀኝ።

«ያለ ነገር ነው ጌታዬ» አልኩት አፌን ሞልቼ። «ወደ ደቡብ እየወረድን ነው። በዚህ ወር እዚህ በኩል ክረምት ነው፣ ሌሊቱ ይረዝማል።»

«ይገርማል» አለ።

«ምንም አይገርምም» አልኩት። እውነቴን ነው፣ ወደ ደቡብ ስትወርድ በዚያ ወር ሌሊቱ ይረዝማል። ይህን ሥራ የሚሠራ ማንም ሰው ቢጠየቅ ያንኑ ነበር የሚለው።

አንድ ቀን ጠዋት ግምቴን ደምሬ «ዛሬ ትታያለች» አልኩ። መርከቧ ሁሉ ታደሰች። የታመሙት እየዳኹ ወደ ፊት መጡ። ሌሊቱን መሪ ይዞ ያደረው ዢልም ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ማርቲም የሚባል ከሱ ጋር አንድ ተራ የሚቆም ግዙፍ የፔኒሽ ከተማ ሰው በብብቱ ደግፎት ነበር። እስከ ምሽት አፈጠጥን። ውኃ።

«ቀጠሮውን አልነገርካትም መሰለኝ፣ አለቃ» አለ አንዱ።

«ሎሚዋን ልትሸጥ ገበያ ወጥታ ይሆናላ» አለ ሌላው።

ማንም አልሳቀም። በማግስቱም ወደፊት ገፋን። ውኃ። ያን ሌሊት ዢል የመሪውን እንጨት እንደያዘ ተዘረረ። ማርቲም ነው ተሸክሞ ያመጣልኝ። ሲያስቀምጠው ዓይኔን አላየም። ያኔ ከድካም ነው ብዬ አለፍኩት።

ሲነጋ ካፒቴኑ አስጠራኝ።

«አልፈናታል ማለት ነው?»

«ጌታዬ፣ እኔ እንጃ። ወፍ የለም። ደሴት አጠገብ ወፍ አይጠፋም። የተቆረጠ ሣር እንኳን ውኃው ላይ አላየንም።»

«ወፉን ተወውና፣ ቁጥርህ ምን ይላል?»

ምን ልበለው? ቁጥሬማ ግልጽ ነው። «ቁጥሬ በጨለማ አልፈናታል ይላል» አልኩት።

«እንግዲያው እንመለስ።»

ሆዴ አልወደደውም። ግን ሆድ አይቆጠርም፣ አሸዋ ነው የሚቆጠረው። ተመለስን። ነፋሱ ስንሄድ ከኋላችን ነበር፤ ስንመለስ በፊታችን ሆነ። ነፋስ በፊት ሲሆን መርከብ ቀጥ ብላ አትሄድም፤ አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ እየተጣመመች ቀኑን ሙሉ ትለፋና ማታ ስታየው ያው እዚያው ነህ። ቅጥል አልኩ! ሸራ የሚስበውን እሰድባለሁ፣ ገመድ የሚያስረውን እሰድባለሁ። ብራዝ የሚባለው ወጌሻችን ዢልን ዓይቶ «አለቃ፣ መሬት ካላገኘን እኔ ምንም የለኝም» ሲለኝ እሱንም ሰደብኩት። ምን አደረገ ሰውየው?

ዢል መብላት ተወ። ብስኩቱን በወይን ጠጅ አርሼ በጣቴ አጎርሰዋለሁ፣ በከንፈሩ ዳር ይመለሳል። «ዛሬ ደረስን?» ይለኛል በየቀኑ። «ነገ» እለዋለሁ። «ነገ፣ ነገ» ይላል። «ጋሼ፣ ደሴቷን አንተ ነህ እንዴ የምትገነባት?» እንዲህ እያለም ይቀልዳል። አንጀቴን በላው።

ከዚያ ፀሐይዋ ወጣች።

እኩለ ቀን ሊሆን ሲል ደመናው ተሰነጠቀና ባሕሩ ቦግ አለ። ሰው ሁሉ ጮኸ። መለኪያዬን ይዤ ሮጥኩ። ለካሁ። ዓይኔ ነው ብዬ ጠራረግሁና ደግሜ ለካሁ። ብራዝን ጠርቼ «አንተ ያዝልኝ» ብዬ እንደገና ለካሁ። ከዚያ ቁጭ አልኩ።

አላለፍናትም። ኧረ ጭራሽ አልደረስንባትም ነበር! ያን ጊዜ «ተመለሱ» ስንል ደሴቲቱ ገና ከፊታችን ነበረች። አንድ ቀን ወይ ሁለት ቀን ገፋ ብንል ኖሮ ዓይናችን ላይ ትቆም ነበር። እኛ ግን ጀርባችንን ሰጥተናት፣ በዚያ ሁሉ ልፋት፣ በዚያ ሁሉ ስድብ፣ በየቀኑ ከሷ እየራቅን ነበር። ወንድሜን ከሎሚው ያራቅሁት እኔ ነኝ፣ በገዛ አፌ!

«አዙሩ!» ብዬ ጮኽኩ። «አዙሩ፣ አዙሩ! ወደ ኋላ! ወደ ቅድሙ!»

ዶም ዱዋርቴ እየሮጠ መጣ። «ምን ሆንክ?»

ነገርኩት። ፊቱ ነጣ። «ታዲያ ቁጥርህ...» ብሎ ጀመረ።

«ቁጥሬን አላውቅም!» አልኩት። «ይዙሩና ከዚያ እንነጋገራለን!»

መርከቧ ዞረች። እኔ የአሸዋውን ሰዓት ከፊቴ አድርጌ ተቀመጥኩ። ሲፈስ አየሁት። የፍጥነት ግምቴ እንደዚህ ሊሳሳት አይችልም፤ ብስት በጥቂቱ ነው። ታዲያ ይህ ሁሉ መንገድ ከየት መጣ? ያኔ ነው ሌሊቱ ትዝ ያለኝ። ሌሊቱ ረዝሟል ብያለሁ። እሺ፣ ሌሊቱ ከረዘመ ቀኑ ማጠር ነበረበት፤ ከየት አምጥቶ ነው የሚረዝመው? ቀኑ ግን አላጠረም። ከንጋት እስከ ምሽት ያለው አሸዋ ያው እንደድሮው ነው።

ደሜ ፈላ። ተነስቼ ሁሉንም ጠራኋቸው። መቆም የሚችለው ቆመ፣ የማይችለው ተቀመጠ። የአሸዋውን ሰዓት ከፍ አድርጌ ያዝኩ።

«ይህን ማን ነው ሳያልቅ የሚያዞረው?»

ሁሉም እግሩን ያያል።

«እግዚአብሔርን! ተናገሩ! ሌሊት ሌሊት ይህን ማን ነው የሚሰርቀው?»

ማርቲም ወደ ፊት ወጣ። ያን የሚያህል ሰውዬ ድምፁ እንደ ሕፃን ቀጥኖ ነበር።

«እኔ ነኝ፣ አለቃ። የጀመርኩት እኔ ነኝ።»

ዘልዬ ኮሌታውን ያዝኩ። ቡጢዬን አነሳሁ። እሱ አልተከላከለም፤ እጁን ወደ ታች ጥሎ ቆመ።

«ዢል ነው» አለኝ። «መሪውን ይዞ ያለቅስ ነበር፣ አለቃ። ድምፅ አያወጣም፣ እንባው ብቻ ይወርዳል። ‹ማርቲም፣ አላለቀም?› ይለኛል። ገና ነው። ‹አላለቀም?› ገና ነው። ልቤ አልቻለም። ጣት የምታህል አሸዋ ሲቀር አዞርኩት። በሚቀጥለውም ትንሽ ጨመር አደረግሁ። ቶሎ ይተኛ ብዬ ነው እንጂ ስለ መንገዱ... ስለ መንገዱ ምን አውቄ።»

«አንተ ብቻህን ይህን ሁሉ?»

ማርቲም ወደ ሌሎቹ ዞረ። አንድ ሽበታም ጉሮሮውን ጠራረገ። «እኛ ከነሱ ቀጥለን ነው የምንቆመው» አለ። «ያለጊዜያችን እየቀሰቀሱን አስቸገሩን። እንቅልፋችንን ወስደውብን እኛ ሙሉውን እንቁም እንዴ? እኛም አሳጠርነው።»

«እኛ የምሽቶቹ ደግሞ» አለ ሌላው፣ «ሁሉም እያሳጠረ እኛ ብቻ ሞኝ ነን እንዴ አልን። ትንሽ ነው እኮ፣ አለቃ። እያንዳንዳችን ትንሽ ነው ያሳጠርነው።»

«ቀን ቀንስ?»

«ቀን አንተ አጠገባችን ቆመህ እያፈጠጥክ ማን ይሞክራል!»

ትንሽ ነው! ሁሉም ትንሽ ትንሽ! ከሁሉም ትንሽ ተጠራቅሞ ያልሄድነው የሦስት ቀን መንገድ ሆነ። እኔም የነሱን እንቅልፍ ሳበዛና ስደምር ከርሜ ባዶ ውኃ ላይ ደሴት አስቀመጥኩ። ቡጢዬ ገና አየር ላይ ነው። ማንን ልምታ? ማርቲም ያደረገው እኔ ላደርገው የሚገባኝን ነው። ያ ልጅ ሲያለቅስ እኔ የት ነበርኩ? እንቅልፌን ተኝቼ «ዞረ!» ሲሉ እየሰማሁ፣ በህልሜ እየቆጠርኩ።

«ይታሰር!» አለ ዶም ዱዋርቴ ከኋላዬ። «ከምሰሶው ላይ አስራችሁ ግረፉት!»

ለቅቄው ዞርኩ።

«ማንን ነው የሚገርፉት?»

«ትእዛዝ ጥሷል። ሰዓት ሰርቋል።»

«‹መቆም የሚችል ይቁም› ያለው ማን ነው? እግሩ የጠቆረ ልጅ መሪ ያስያዘው ማን ነው? ለምኜዎታለሁ! ክፍልዎ ድረስ ገብቼ ለምኜዎታለሁ! ጅራፉ ከተነሳ ከርስዎ ይጀምር፣ ቀጥሎ እኔን፣ ከዚያ ማርቲምን እናየዋለን!»

ካፒቴንን እንዲህ የተናገረ ሰው ይሰቀላል። ያን ቀን ግን ማንም አልተንቀሳቀሰም። ገመድ የያዘ ሰው አልነበረም። ዶም ዱዋርቴ ወጣት እኮ ነው፤ ዓይኑ ውኃ ሞልቶ አየሁት። ክፍሉ ገብቶ በሩን ዘጋ። እሱንም መጥላት አቃተኝ፤ ይህ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ።

«ከዛሬ ጀምሮ» አልኳቸው፣ «የመጨረሻዋ ፍሬ ሳትወርድ ይህን የነካ እጁን እቆርጠዋለሁ። ሰማችሁ?»

«ሰማን፣ አለቃ» አሉ።

ነፋሱ ከኋላ ሆነ፤ ግን ደከመ። የሚያስፈልገኝ ጊዜ ሲሆን ይደክማል! ሸራዎቹ እንደ ተሰጣ ልብስ ይወዛወዛሉ። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ዢልን ንፋስ ያግኘው ብለን ወደ ላይ አወጣነው። ከመሪው አጠገብ፣ የሸራ ቁራጭ ጥላ ሠርተንለት አስተኛነው። ያን ቀን ወፍ አየን፤ አንዲት ነጭ ወፍ ከላያችን ዞራ ወደ ደቡብ ሄደች። «ዢል፣ ወፍ!» አልኩት። ዓይኑ ክፍት ነው፣ ግን አያይም። እጆቹን ደረቱ ላይ አድርጎ ጨብጧል፤ እንጨት የያዘ ይመስላል። ከፈት ላደርጋቸው ብሞክር አልለቅም አለ።

«ጋሼ» አለ። «ተራዬ አላለቀም?»

መሪ ላይ የቆመ መስሎታል። ማርቲም ሰምቶ ፊቱን አዞረ። እኔ የአሸዋውን ሰዓት አየሁ፤ ከልማዴ ነው። ገና አሁን ነው የዞረው፤ ላይኛው ሆድ ሙሉ ነው።

«ገና ነው» አልኩት። ለምን እንዲህ አልኩ? አላውቅም። ገና ስለነበረ ነው።

«እሺ» አለ። ጣቶቹን ጠበቅ አደረገ። «ጋሼ፣ እግሬን አመመኝ። አላለቀም?»

አሸዋው ይፈስሳል። አየሁት። መርከበኞቹ ሁሉ ያዩኛል። እጅ እቆርጣለሁ ያልኩት እኔ ነኝ። ደሴቲቱ ከፊታችን ናት፣ መንገዱ እያንዳንዷን ፍሬ ይፈልጋል፤ እሱን የማውቀው ከማንም በላይ እኔ ነኝ።

ሰዓቱን አንስቼ ገለበጥኩት።

«ዞረ!» ብዬ ጮኽኩ። «ማርያም ትጠብቀን!»

«ትጠብቀን!» አለ ከፊት ያለው ጠባቂ። ሲያየኝ ነበር፤ አውቆ ነው የመለሰው።

«አለቀ ዢል» አልኩት። «ተራህ አለቀ። መሪውን ለማርቲም ስጠውና ተኛ።»

ማርቲም ተንበርክኮ እጆቹን በዢል እጆች ላይ አደረገ። «ይዣለሁ ወንድሜ፣ ልቀቅ» አለው። ያኔ ጣቶቹ ተከፈቱ። «በስንት ጊዜው» አለ ዢል፤ ከንፈሩ ፈገግ ያለ መሰለኝ። ፀሐይ ሳትጠልቅ አረፈ።

ደሴቲቱ በማግስቱ ጠዋት ታየች። ሎሚዎቹ አፍርተው ነበር።